ባለ 8 ገጽ ብሮሸር የጠየቀው ደንበኛ፦ አንድ ብሪፍ እንዴት እንደተነበበ

አዲስ ዲዛይነር ወደ ስቱዲዮ ሲመጣ ሶፍትዌር ብዙም አያስቸግረውም። አብዛኞቹ ከነባሮቹ በተሻለ ይችሉታል። የሚያስቸግራቸው ብሪፉን፣ ማለትም ደንበኛው የሚፈልገውን ሥራ ገልጾ የላከውን አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ ማንበብ ነው። ይህ ጉዳይ መመዝገብ ያለበት ብሪፉ ከባድ ስለነበረ አይደለም። እንዲያውም በጣም ግልጽ ነበር፤ ሥራውን የያዘው ወጣት ዲዛይነር ችግርም ከዚያ ግልጽነት ነው የጀመረው። የሰዎቹንና የተቋሙን ማንነት ትቼዋለሁ።

ዳራው

ደንበኛው የግል የምርመራ ማዕከል ነው። ላብራቶሪ፣ አልትራሳውንድና ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የሰውነትን ውስጥ የማየት ምርመራ) አለው። ከእኛ ጋር የሚነጋገሩት ሥራ አስኪያጇ ነበሩ። ሥራ የሚበዛባቸው፣ ቁርጥ ያለ ነገር የሚወዱ ሴት ናቸው።

ሥራው የተሰጠው ትምህርቱን በቅርቡ ለጨረሰ ዲዛይነር ነው። እጁ ፈጣን፣ ዓይኑም ጥሩ ነው። እኔ ሥራውን እከታተል ነበር።

ብሪፉ

በኢሜይል የመጣው ጽሑፍ ይዘቱ ይህ ነበር፦

«ባለ 8 ገጽ፣ ኤ5፣ ባለ ሙሉ ቀለም ብሮሸር እንፈልጋለን። ዘመናዊና ማራኪ ይሁን። ሁሉንም አገልግሎቶቻችንን ያስተዋውቅ። የሐኪሞቻችንና የመሣሪያዎቻችን ፎቶ ይግባበት። ቀለማችን አረንጓዴ ነው። ሎጎው ጎላ ብሎ ይታይ። ታካሚዎች ሳይዘጋጁ እየመጡ ስለሚያስቸግሩ የዝግጅት መመሪያም መጨረሻ ላይ ይካተት። በተቻለ ፍጥነት ይድረስልን።»

ልጁ ብሪፉን አትሞ በቢጫ ሃይላይተር አቀለመው። ወረቀቱን ሳየው ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። 8 ገጽ ተቀልሟል። ኤ5፣ ማለትም የኤ4 ግማሽ የሆነው የወረቀት መጠን፣ ተቀልሟል። አረንጓዴ፣ ፎቶ፣ ሎጎ፣ «በተቻለ ፍጥነት» ሁሉም ቢጫ ሆነዋል። ከሰባተኛው ዓረፍተ ነገር ደግሞ «የዝግጅት መመሪያም መጨረሻ ላይ ይካተት» የሚለው ተቀልሟል። «ታካሚዎች ሳይዘጋጁ እየመጡ ስለሚያስቸግሩ» የሚለው ግን ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

ትእዛዝ የሆነው በሙሉ ተቀልሞ፣ በብሪፉ ውስጥ ያለው ብቸኛ እሮሮ ተዘለለ። ይህ የአንድ ልጅ ጉድለት አይደለም። ትእዛዝ ወዲያው ወደ ሥራ ይቀየራል፤ እሮሮ ግን ምን አድርግ እንደሚልህ አይናገርም። ስለዚህ ዓይን አልፎት ይሄዳል።

ሦስቱ ዓምዶች

ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት ብሪፉን በሦስት ዓምድ እንዲከፋፍለው ጠየቅኩት። አንደኛው ችግሩ ምንድን ነው? ሁለተኛው ደንበኛው ያዘዘው መፍትሔ ምንድን ነው? ሦስተኛው ሊነቃነቅ የማይችል ገደብ የቱ ነው?

የመፍትሔው ዓምድ ሞላ። የችግሩ ዓምድ አንድ መስመር ብቻ ሆነ። ገደቡ ላይ «አረንጓዴ» እና «ኤ5» ብሎ ጻፈ።

አረንጓዴው ትክክል ነው። የማዕከሉ ቀለም በግድግዳውም በደብዳቤውም ላይ ስላለ አይነካም። ኤ5 ግን እንዴት ገደብ ሆነ? ደውሎ ሲጠይቅ የቀድሞው ብሮሸር ኤ5 እንደነበረና ለእሱ ተብሎ የተሠራ መደርደሪያ እንዳላቸው ተነገረው። ታዲያ ገደቡ መደርደሪያው ነው እንጂ መጠኑ ራሱ አይደለም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ደንበኛው «ይህ መሆን አለበት» ካለው ነገር ስንቱ በእርግጥ የግድ እንደሆነና ስንቱ ደግሞ ከልማድ የመጣ እንደሆነ ልጁ መለየት የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የጥያቄ ጣጣ

መጀመሪያ ያደረግነው ረጅም መጠይቅ መላክ ነበር። ይህ አልሠራም። «ብሮሸሩ ለማን ነው?» ለሚለው «ለሁሉም ታካሚ» የሚል መልስ መጣ። «ምን ዓይነት ስሜት እንዲፈጥር ይፈልጋሉ?» ለሚለው ደግሞ «ዘመናዊ»። ሥራ የበዛበት ሰው መጠይቅ ሲላክለት እንደ ፎርም ሞልቶ ይገላገላል።

ከዚያ በአካል ተገናኘን። ልጁ በቶዮታ ፋብሪካ የታወቀውን «ለምን?» እያሉ አምስት ጊዜ የመጠየቅ ዘዴ ተምሯል። የተበላሸ ማሽን ፊት ቆሞ ምክንያት ለመፈለግ ዘዴው ግሩም ነው። ደንበኛ ፊት ተቀምጦ ሲደጋገም ግን የፖሊስ ምርመራ ይመስላል። ሦስተኛው «ለምን?» ላይ ሥራ አስኪያጇ እጃቸውን አጣጥፈው ሰዓታቸውን አዩ።

ነገሩን የፈታው ሌላ ጥያቄ ነው። «እስቲ ሰሞኑን ሳይዘጋጅ የመጣ አንድ ሰው ያስታውሳሉ? ምን ነበር የሆነው?» አልናቸው። እሳቸው አላስታወሱም። ግን «ሲስተርን ጥሯት፣ እሷ ታውቃለች» አሉ።

ነርሷ መጥታ ሳትቀመጥ ነው የነገረችን። ሁለት ሰዎች የአልትራሳውንድ ቀጠሮ ነበራቸው። አንዷ የላይኛው ሆድ፣ ሌላዋ የዳሌ አካባቢ ነው። ለላይኛው ሆድ ለሰዓታት ሳይበሉ መምጣት ያስፈልጋል። ምግብ ከተበላ ሐሞት ከረጢት ይኮማተራል፣ ጋዝም ምስሉን ይጋርዳል። ለዳሌው፣ ምርመራው በሆድ በኩል ሲሆን፣ ብዙ ውሃ ጠጥቶ ሳይሸኑ መምጣት ያስፈልጋል። የሞላ የሽንት ፊኛ ለድምፅ ሞገዱ እንደ መስኮት ሆኖ ከኋላው ያለውን ያሳያል። ሁለቱም «አልትራሳውንድ» ነው የሚባሉት። የዳሌ ምርመራ የነበራት ሴት «አልትራሳውንድ በባዶ ሆድ ነው» ብለው ሰዎች ስለነገሯት ምንም ሳትጠጣ መጥታለች። ውሃ ጠጥታ ፊኛዋ እስኪሞላ ድረስ ተራዋ አለፈ፣ ከኋላዋ ያሉትም ተጓተቱ።

ልጁ ማስታወሻውን እየጻፈ ቀና ብሎ አየኝ። ታካሚዎቹ ግድየለሾች አልነበሩም። ተዘጋጅተው ነው የመጡት፤ የተዘጋጁት ግን ለሌላ ምርመራ ነው።

እንግዳ መቀበያው ጋ

ከስብሰባው በኋላ ፈቃድ ጠይቀን እንግዳ መቀበያው አጠገብ ተቀመጥን። ከሁሉም እርምጃ ብዙ ያስተማረን ይህ ነው፤ ወጪውም ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው።

የብሮሸር መደርደሪያው ወረፋ ከሚጠብቁት ሰዎች ጀርባ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሠራተኛዋ ክፍያ እየተቀበለች፣ ስልክ እያነሳች፣ የዝግጅቱን መመሪያ በአፏ ትነግራለች። ታካሚው ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ትሰጠዋለች። ብሪፉ ስለዚህ ወረቀት ምንም አይልም።

የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነው። የሁሉም ምርመራዎች መመሪያ አንድ ላይ ተጠቅጥቆበታል። አንዳንዱ መስመር በእስክሪብቶ ተሰርዞ ጎኑ ላይ ተስተካክሏል፤ ማስተካከያውም ራሱ ፎቶኮፒ ሆኗል። ሠራተኛዋ ትክክለኛውን መስመር በእስክሪብቶ ታከብብና «ይኸው ይሄን ነው» ትላለች። ሰው ሲበዛ ሳታከብብ ትሰጣለች።

ልጁ በዚያ ቀን የጻፋቸው ሁለት ነገሮች ዲዛይኑን ወሰኑት። አንደኛ፣ ታካሚው በእጁ የሚደርሰው ነገር ሁሉ ጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ብሮሸሩ ሲያልቅ የአዲሱም ዕጣ ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ የሚነበበው ማዕከሉ ውስጥ ሳይሆን ቤት፣ ማታ፣ ብዙ ጊዜም በቤተሰብ ሰው ነው። ይህን የነገረችን ሠራተኛዋ ናት። ማታ ላይ «ይሄ ነገር ምን ማለት ነው?» ብለው የሚደውሉት አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ወይም ባለቤቶች ናቸው።

ብሪፉን መልሶ መጻፍ

ንድፍ ከመጀመራችን በፊት ልጁ አንድ ገጽ ጽፎ ለደንበኛው ላከ። በዲዛይነር ቋንቋ አይደለም፤ በነርሷና በሠራተኛዋ አነጋገር ነው የጻፈው።

ችግሩ፦ ታካሚዎች የሌላ ምርመራ ዝግጅት አድርገው ይመጣሉ። አንባቢው፦ ታካሚው ወይም የቤተሰቡ ሰው፣ ከምርመራው በፊት ባለው ምሽት። ሥራው ተሳካ የምንለው፦ ነርሷ ጠዋት ላይ «ምን ብለውሽ ነበር?» ብላ መጠየቅ ሲቀርላት። የምንሠራው፦ ለእያንዳንዱ ምርመራ የየራሱ አንድ ወረቀት። የማንሠራው፦ ሁሉንም ምርመራ የያዘ መመሪያ።

«የማንሠራው» የሚለውን መስመር እኔ ነኝ ያስጨመርኩት። ደንበኛ የማይስማማበትን ነገር በዚህ መስመር ላይ ቶሎ ያገኘዋል፤ ሌላው ጽሑፍ ውስጥ ግን ሊያልፈው ይችላል።

አልተሳሳትንም፤ ሥራ አስኪያጇ በማግስቱ ደወሉ። «ብሮሸሩስ?» አሉ። ድምፃቸው የተቆጣ ነበር። ከዚያ በብሪፉ ውስጥ ያልነበረ አዲስ ነገር ነገሩን። ብሮሸሩ ለታካሚ ብቻ አልነበረም። ታካሚ ወደ ማዕከሉ የሚልኩ ሐኪሞች ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ ነበር የታሰበው። ለማዕከሉ ባለቤቶችም ቃል ተገብቷል። ፎቶው፣ ሎጎው፣ «ዘመናዊ» የተባለው ሁሉ የተፈለገው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ልጁ ይህን ሲሰማ «ታዲያ መጀመሪያ ለምን አልነገሩንም?» አለ። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ደንበኛ ለእሱ ግልጽ የሆነውን ነገር አይጽፍም። ለማን እንደሆነ እያወቁ «ለማን ነው» ብሎ መጻፍ ትዝም አይላቸው።

ስለዚህ አንዱ ብሮሸር ለሁለት አንባቢ ሊያገለግል እየሞከረ ነበር። ለየነው። ለሐኪሞቹ ከ8 ገጽ ወደ 4 ገጽ ወረደ፤ አንድ ኤ4 አንድ ጊዜ ታጥፎ 4 ኤ5 ገጽ ይሆናል፣ ስፌትም አይፈልግም። የተረፈው ገንዘብ ለታካሚዎቹ ወረቀቶች ዋለ። በጀቱ ሳይነካ ስለሆነ ሥራ አስኪያጇ ተስማሙ።

ወረቀቱ ራሱ

የታካሚው ወረቀት ኤ5 ሆነ፣ 148 በ210 ሚሊሜትር። አሁን ኤ5 የራሱ ምክንያት አለው፦ ሁለቱ አንድ ኤ4 ላይ ስለሚቀመጡ ፎቶኮፒ ተደርጎ መሃሉ ላይ ይቆረጣል።

የመጀመሪያው ድራፍት ቆንጆ ነበር። ከላይ አረንጓዴ ቅብ፣ በላዩ ላይ የምርመራው ስም በነጭ ፊደል። ልጁን ፎቶኮፒ አድርገህ፣ ኮፒውን ደግሞ ኮፒ አድርገህ አምጣ አልኩት። አረንጓዴው ግራጫ ሆኖ ነጩን ፊደል ዋጠው። የምርመራው ስም፣ ማለትም ወረቀቱ የተሠራበት ዋና ምክንያት፣ ጠፋ። ቅቡ ወጥቶ ወፍራም ጥቁር ክፈፍ ተተካ። አረንጓዴው በብሮሸሩ ላይ ብቻ ቀረ፤ እዚያም ቢሆን ለጽሑፍ አልዋለም። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብሩህነት ንጽጽር ይጠይቃል። መመሪያው ለስክሪን ቢወጣም እኛ ለወረቀትም እንደ መነሻ እንጠቀምበታለን። የማዕከሉ አረንጓዴ በነጭ ላይ ሲለካ ከዚያ በታች ነበር።

ቀጥሎ ሰዓቱ መጣ። የድሮው ወረቀት «ከምርመራው 8 ሰዓት አስቀድሞ» ይላል። ይህ ታካሚውን ሒሳብ ያሠራዋል፣ ያውም ማታ፣ ተጨንቆ። ልጁ መስመሩን «ከ____ ሰዓት ጀምሮ ምንም አይብሉ» ብሎ ቀየረው፤ ክፍት ቦታውን ሠራተኛዋ ቀጠሮ ስትሰጥ ትሞላዋለች። በእኔ እምነት በሥራው ሁሉ ውስጥ ምርጡ ውሳኔ ይህ ነው። ስክሪን ላይ ሲታይ ግን ሰረዝ ብቻ ነው፤ ፖርትፎሊዮ (ዲዛይነሩ የሚያሳየው የሥራ ናሙና) ውስጥ ማንም ልብ አይለውም።

ምልክቶቹ አስቸገሩን። ውሃም የሚከለከልበት አንድ ምርመራ ነበርና ልጁ የተሰረዘ ብርጭቆ ሣለ። ወረፋ ለሚጠብቁ ጥቂት ሰዎች አሳየነው። «መጠጥ አትጠጡ ነው» አሉ፤ አልኮል ማለታቸው ነው። ብርጭቆውን ቢለዋውጠውም ትርጉሙ አልጠራም። በመጨረሻ ሥዕሉ ወጥቶ «ምንም አይጠጡ፤ ውሃም ቢሆን» የሚል ጽሑፍ ገባ። ልጁ ተከፍቶ ነበር። ምልክት ሰው ይገባው እንደሆነ የሚፈተንበት ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 9186፣ መኖሩን ስነግረው ግን ትንሽ ቀለል አለው። የእሱ ብቻ ችግር ቢሆን ደረጃ ባልወጣለት ነበር።

አንድ ነገር ግን ከባድ ነበር። መድኃኒትን የሚመለከተው ዓረፍተ ነገር ስለረዘመና ቦታውን ስላጣበበ ልጁ አሳጠረው። «ሐኪምዎን ሳያማክሩ መድኃኒትዎን አያቁሙ» የሚለው «መድኃኒትዎን ይውሰዱ» ሆነ። ነርሷ ናት የያዘችው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ከአንዳንድ ምርመራ በፊት ሐኪሙ ራሱ የሚያስቆመው መድኃኒት አለ። ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን፦ የሕክምናው ጽሑፍ በማዕከሉ ሐኪም ተፈርሞ ይመጣል። ዲዛይነሩ ቦታውንና መጠኑን ሊቀይር ይችላል፤ ቃሉን ግን አይነካም። ካልበቃው ደውሎ ያስቀይራል።

ሲቀርብ

ሦስት አማራጭ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው። እኛ አንድ ብቻ ይዘን ሄድን፤ ከላዩ ላይ ደንበኛው የተስማማበትን ገጽ አድርገን። እያንዳንዱ ውሳኔ ከዚያ ገጽ መስመር ጋር ተያይዞ ቀረበ። አማራጭ ሲበዛ ንግግሩ ወደ «የቱ ያምራል» ይወርዳል።

ሥራ አስኪያጇ ሁሉንም አገላብጠው «ትንሽ ደረቅ ሆነብኝ» አሉ። ልጁ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ቀድሜ «የትኛው ነው? ወረቀቱ ወይስ ብሮሸሩ?» አልኳቸው። ብሮሸሩ ነበር። ትክክል ነበሩ። የታካሚው ወረቀት ጥብቅነት ወደ ብሮሸሩ ተላልፎበት ነበርና ሐኪም ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነገር አይመስልም። ተጨማሪ ፎቶ ገባ፣ ክፍት ቦታው ሰፋ። ሎጎው ይተልቅ የተባለውን በብሮሸሩ ላይ ያለ ጭቅጭቅ ተቀበልን። በወረቀቱ ላይ ግን የምርመራውን ስም ወደ ታች ስለሚገፋው ሎጎው ወደ ግርጌ ወረደ።

የሠራውና ያልሠራው

ነርሷ በሁለቱ አልትራሳውንዶች መካከል ያለው መደናገር እንደቀነሰ ነገረችን። ማዕከሉ ቀድሞም መዝገብ ስላልያዘ በቁጥር ማስደገፍ አይቻልም፤ ይህን ከመጀመሪያው ማስያዝ ይገባል።

በወረቀቱ ላይ ለሰዓቱ የተተወው ክፍት ቦታ ግን የራሱን ጣጣ አመጣ። ሰው ሲበዛ ሠራተኛዋ ሰዓቱን ሳትሞላ ትሰጣለች። ሰዓት የሌለው ወረቀት ከድሮው ይብሳል፤ የድሮው ቢያንስ «8 ሰዓት» ይል ነበር። በኋላ ወረቀቶቹ ከቀጠሮ ካርዱ ጋር አንድ ላይ እንዲቀመጡና አብረው እንዲሞሉ ተደረገ። ተሻሽሏል፣ ግን አልጠፋም።

በስልክ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ደግሞ ወረቀት አይደርሰውም። ለዚህ እኛ መፍትሔ አልነበረንም። ሠራተኛዋ ራሷ ወረቀቱን ሞልታ ፎቶ አንስታ መላክ ጀመረች። ቁመታም፣ ጥቁርና ነጭ፣ ፊደሉም ጎላ ያለ ስለሆነ ስልክ ላይ ጥሩ ይነበባል።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

ልጁ አሁን ብሪፍ ሲመጣ በሁለት ቀለም ነው የሚያቀልመው፤ ትእዛዙ በአንዱ፣ እሮሮው በሌላው። ሁለተኛው ቀለም ጭራሽ ከሌለ ደንበኛው ጋ የሚሄድበት ጉዳይ አለ ማለት ነው።

ስለ ምርጫ ከመጠየቅ ስለ አንድ የሆነ ነገር መጠየቅ ይሻላል። «ምን ይወዳሉ?» ሲባል ሰው የሚያውቀውን ቅጽል ይመዛል። «ሰሞኑን ምን ሆነ?» ሲባል ግን ወይ ይተርካል፣ ወይ የሚተርከውን ሰው ይጠራል። ብሪፉን የጻፈው ሰውና ችግሩ የሚገጥመው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

ደንበኛው ያዘዘውን መፍትሔ መጠራጠር ሌላ፣ መናቅ ሌላ ነው። ብሮሸሩን «አያስፈልግም» ብለን ብንተወው ኖሮ ሥራውን እናጣ ነበር፣ የምናጣውም በትክክለኛ ምክንያት ነው። እንግዳ የሚመስል ትእዛዝ ከበስተጀርባው ያልተጻፈ አንባቢ ሊኖረው ይችላል።

ለሁሉም ሥራ ይህን ያህል አይኬድም። ለበር ላይ ማስታወቂያ ሦስት ዓምድ መሥራትና እንግዳ መቀበያ መቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው፤ ያኔ የታዘዘውን ሠርቶ ማስረከብ ነው። የሚያስፈልገው ሥራው የሰው ድርጊት እንዲቀይር ሲጠበቅ ነው።

በመጨረሻም ፋይሉ። ወረቀቶቹን ያስረከብነው ማዕከሉ ራሱ ሊያስተካክለው በሚችል ፋይል ነው፤ በእያንዳንዱ ግርጌም የታተመበት ወርና ዓመት አለ። ሐኪሞቹ መመሪያ ሲቀይሩ ሠራተኛዋ የቱ አዲስ የቱ አሮጌ እንደሆነ በዚያ ትለያለች። የአሮጌው ፎቶኮፒ ከመሳቢያው እንዲወጣ የጠየቅነው በቃል ሳይሆን በርክክቡ ሰነድ ላይ ጽፈን ነው።